ያልጠራሁት ፖስተኛ

ሮቤ ውስጥ «ሻፊ እንዲህ አለኝ» ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው ሰሚ አያገኝም። ሻፊ እኔ ነኝ። ከትምህርት ጋር አሥረኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተን፣ አሁን ሞባይልና ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ሥራ ሲጠፋ ሰው አሞኛለሁ። ለባለሱቁ ለጀሊል «አህያዎ የከተማው የንጽሕና አርአያ ሆና ስለተመረጠች ታጥባ ትቅረብ» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ የላክሁት እኔ ነኝ። ማኅተሙን የቀረጽኩት ከድንች ነበር። ጀሊል አህያዋን በሳሙና አጥቦ፣ አንገቷ ላይ ሻሽ አስሮ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ለእኔ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ የጀሊል ብድር ይመስለኝና አንዱንም አልከፍትም። ይህችን ነገር ያዙልኝ። የደረሰብኝ ሁሉ የደረሰብኝ በእሷ ነው።

በኦቦ ቱሉ ፊት ግን እኔ ገና ፊደል ቆጣሪ ነበርኩ። ኦቦ ቱሉ የዲንሾ ገብስ አራሽ ናቸው። አንድ ዓመት በሬያቸው ሞተና በምትኩ ፍልፈል ጠመዱ። የእኛ አገር ፍልፈል የዋዛ አይደለም፤ ድመት ያክላል ይባላል፣ የእሳቸው ግን ወይፈን ያክል ነበር። ፍልፈል ደግሞ የሚያርሰው ከላይ አይደለም፤ ከታች ነው። መሬቱ ተገልብጦ ታረሰ፣ ገብሱም ቁልቁል በቀለ። ኦቦ ቱሉ ጥቅምትን ጠበቁ፣ ኅዳርን ጠበቁ፣ አንድ ዛላ የለም። በኋላ ከሶፍ ዑመር አንድ ሰው እያለከለከ መጣ። «ኦቦ ቱሉ፣ የዋሻው ጣሪያ ገብስ አሽቷል! እህሉ እየረገፈ መግቢያ አጣን!» ማጭድና መሰላል ይዘው ሄዱ፤ ጣሪያውን አጭደው ተመለሱ።

ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ላይ አንዲት ጅማት አትነቃነቅም። «ኦቦ፣ ሶባ ነው!» ስላቸው፣ ውሸት ነው ማለቴ ነው፣ «ሶባ ከሆነ ጭዱ ከየት መጣ?» ብለው የበረታቸውን ክምር ያሳዩኛል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ዲንሾ እየወጣሁ ድምፃቸውን በስልኬ ቀዳሁ። ሰማንያ ስድስት ወሬ። ስልክ እንደሚጠፋና እንደሚሰረቅ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ወዳጄን ኪዳነማርያምን አማከርኩት። ኪዳነማርያም ከደብረ ታቦር መጥቶ እዚህ ኮምፒውተር የሚያስተምር ሰው ነው፤ ቲቸር እለዋለሁ።

«አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፈልግና በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ጫንበት» አለኝ። «ለሊኑክሱ አንዲት ትንሽ ዲስክ ትበቃዋለች። ለድምፁ ግን ሁለት ትልልቅ ዲስክ እንደ መንታ ግጠም። አንዱ ላይ የተጻፈ ሌላውም ላይ ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል።»

ነገሩን ወደድኩት። መንትዮቹን የሚጠብቀውን ፕሮግራም ስም ነግሮኝ ነበርና ያንኑ ብቻ ጻፍኩና ጫን አልኩት። አንድ ሰው ጠርቼ መንደር መጣብኝ! የጠራሁት ፕሮግራም ከኋላው የማላውቃቸውን አስከትሎ ገባ፤ ከመሃላቸው አንዱ ፖስትፊክስ የሚባል ፖስተኛ ነው። ገብቶም ዝም አላለም። ስክሪኑን ሰማያዊ አድርጎ ዘረጋና «ደብዳቤህን እንዴት ላድርስልህ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ እኮ ደብዳቤ አልጻፍኩም! ስልክ ደወልኩ።

«ቲቸር፣ ዲስክ ጠብቅልኝ ብለው ፖስታ ቤት ከፈተብኝ!»

«አትንካው፣ ይኑር። ክፍል ውስጥ ነኝ፣ በኋላ አስረዳሃለሁ።»

በኋላ የሚባለው ጊዜ አልመጣም። እኔም ከምርጫዎቹ «እዚሁ ቤት ውስጥ ብቻ» የሚለውን ነካሁ። የቤቱን ስም ሲጠይቀኝ «ጅብ ቤት» ብዬ ሞላሁለት፤ አመነኝ። ሰማንያ ስድስቱንም ወሬ ከስልኬ አውጥቼ መንትዮቹ ላይ አሳረፍኩ። ቲቸር ሌላ ቀን መጥቶ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ድምፆቹን እየዞረ የሚቆጥር፣ የእያንዳንዱን ስምና ርዝመት የሚጠራ ትንሽ ትእዛዝ ጻፈልኝ። ማን እንደሚሰማው አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ በገባሁ ቁጥር ስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት መስመር ትጠብቀኛለች፦ ደብዳቤ አለህ። ጀሊል ነው አልኩ። ጀሊል ሊኑክስን ከየት ያውቀዋል አትበሉኝ፤ ልጁ ኢህሳን ኮምፒውተር ይማራል። «አህያዋን ይጠብ!» ብዬ ስቄ አልፋታለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ኦቦ ቱሉ ደረታቸውን ያማቸው ጀመር። አንድ ቅዳሜ ስልኬን ተቀበሉኝና «ክፈተውና ውጣ» አሉኝ። ወጣሁ። ደጅ ቆሜ ፈረሳቸውን ሳክ ጠሩኝ።

«ይኼኛው የጤቤ ነው» አሉ። አዴ ጤቤ ሚስታቸው ናቸው። «እኔ ካለፍኩ በኋላ ትሰማዋለች። አንተ አትሰማውም። አማና ነው፣ አደራ።»

«ይኼኛውስ ሶባ ነው?»

«ዱጋ ነው» አሉኝ። ዱጋ እውነት ማለት ነው። ይህ ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ሮቤ ወርጄ ከስልኬ ወደ መንትዮቹ አሻገርኩት። ስሙን «87 ለጤቤ» አልኩት። ስልኬ ሞልቶ ስለነበር ከስልኬ አጠፋሁት። እምልላችኋለሁ፣ ወደ ጆሮዬ አላስጠጋሁትም። ሰው የማታልል ብሆንም አማና አልበላም።

ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ኦቦ ቱሉ ሞቱ፤ አላህ ይርሐማቸው። ልጃቸው ጁሀራ ጊኒር ላይ አራስ ስለነበረች ወዲያው አልተነገራትም። ጊዜው ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ሁለት ሆነው ሲሄዱ እኔን ሦስተኛ አድርገው ወሰዱኝ፤ የሻፊን ፊት ያየ መርዶ አይጠረጥርም ብለው ነው። ሻይ ጠጣን፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ከብት ገበያው አወራን። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና ነገራት። መርዶ በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው። በስልክ አይላክም፣ ለአንድ ሰው ትከሻም አይተውም።

ዲንሾ ለቅሶ ስደርስ ግን አዴ ጤቤን ላስደስት ብዬ «የሚሰሙት ድምፅ አለ፣ ኦቦ ትተውልዎታል፣ ዛሬውኑ ላምጣው» አልኳቸው። በመጋረጃ ኋላ ነበሩ።

«ዒዳዬን ልጨርስ» አሉ። ዒዳ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ ሳትወጣ የምትቆይበት ጊዜ ነው። «አሁን ብሰማው በሩን ከፍቼ ልፈልገው እወጣለሁ። ዒዳዬ ያለቀ ዕለት አምጣልኝ። እስከዚያ አንተ ጋ ይቀመጥ።»

እኔ ጋ ተቀመጠ። አራት ወር ሙሉ እኔ ጋ ተቀመጠ! እኔም አራት ወር ሙሉ «ደብዳቤ አለህ» ስባል «ጀሊል ዘንድሮ በረታ» እያልኩ ተቀመጥኩ።

ዒዳው የሚያልቀው ታኅሣሥ አጋማሽ፣ ዓርብ ቀን ነበር። ረቡዕ ወደ ስልኬ ልገለብጠው ማሽኑን ከፈትኩ። «87 ለጤቤ» የለም። ሰማንያ ስድስቱም የሉም። ከሳጥኑ ውስጥ ቃ… ቃ… ቃ… የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ጥፍር በር ሲቧጭር የሚመስል። አጥፍቼ አበራሁ። ገመድ ቀየርኩ። ዲስኩን ገለበጥኩ፣ ነቀነቅኩ፣ ትንፋሼን ተነፈስኩበት። አንደኛው መንታ ይንቋቋል፤ ሁለተኛው ጭራሽ ጭጭ ነው፣ ከሞተ የቆየ ይመስል። ሁለቱ በአንድ ቀን እንዴት ይሞታሉ? ቲቸርን ደወልኩለት፤ ከከተማ ውጭ ነው፣ ስልኩ አይሠራም። ጎባ ያለ አንድ ጠጋኝ ወዳጄ ጋ ደወልኩ።

«ቅዝቃዜ አንዳንዴ ያስነሣዋል» አለኝ። «ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባው።»

የምን ማቀዝቀዣ! የሳነቴ አምባ እያለ? ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ በሹፌሩ በጉዲና አይሱዙ ጎባን አልፈን አምባውን ወጣነው። ሣሩ በረዶ ለብሶ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ሁለቱን ዲስኮች በላስቲክ ጠቅልዬ ውርጩ ላይ አስተኛኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ቀይ ቀበሮ መጣች፣ አሸተተቻቸው፣ እኔንም አየችኝና ሄደች። ይህቺ ውሸት አይደለችም፤ ጉዲናን ጠይቁት።

«ሻፊ፣ ምን እየጠበቅን ነው?» አለኝ ጉዲና ከመኪናው መስኮት።

«ኦቦ ቱሉ እስኪነቁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀብኝም። ሮቤ ወርደን ገጠምኳቸው። ጭጭ ያለው ጭጭ፣ የሚንቋቋው ቃ… ቃ… ቃ…።

ከዚያ የሠራሁትን ለመናገር አፍራለሁ፤ ግን ልናገር። የማንንም ድምፅ አስመስላለሁ፤ የኦቦ ቱሉን ደግሞ ከራሴ ድምፅ በላይ አውቀዋለሁ። ሱቄን ዘግቼ ስልኬን ከፈትኩና፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በእሳቸው ድምፅ «ያ ጤቤ…» አልኩ፤ ጤቤ ሆይ ማለት ነው። ፀጉሬ ቆመ፤ ራሳቸው ናቸው! ቀጥል አልኩት ራሴን። ምን ብዬ ልቀጥል? ውሸታቸውን ቢሆን ሰማንያ ስድስቱንም በቃሌ እወርደዋለሁ። እውነታቸውን ግን አላውቀውም። አንድ ሰዓት ያህል «ያ ጤቤ» ከሚለው ፈቀቅ ሳልል ቆየሁና አጠፋሁት። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቲቸር ኪዳነማርያም የደረሰው ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ቦርሳውን እንኳ ሳያሳርፍ መጣ። ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። ገና ሲገባ ያቺ መስመር ወጣች፦ ደብዳቤ አለህ።

«ይህቺን ተዋት፣ ጀሊል ነው» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። «ምን አልክ?»

«የጀሊል ቀልድ ነው። ከፍቼው አላውቅም።»

«ከፍተኸው አታውቅም?» ቀስ ብሎ ነው ያላት። ከፈተው። ስክሪኑ በደብዳቤ ተጥለቀለቀ። ጣቱን አንዱ ላይ አድርጎ አነበበልኝ፦ መስከረም አሥራ አራት፣ መንትያው ጎድሏል፣ ከሁለቱ አንዱ ወድቋል። ወደ ታች ወረደ፦ መስከረም አሥራ አምስት፣ መንትያው ጎድሏል። አሥራ ስድስት፣ ጎድሏል። ጥቅምትን ሁሉ፣ ኅዳርን ሁሉ። ቆጠርናቸው፤ ዘጠና ናቸው። ዘጠና ቀን ሙሉ በየቀኑ «አንዱ ሞቷል፣ ሌላው ሳይከተል ድረስ!» እያለ በሬን ሲያንኳኳ ኖሯል። በመጀመሪያዋ ቀን ከፍቼ አንድ ዲስክ ብተካ ኖሮ ኦቦ ቱሉ ዛሬም ያወሩ ነበር።

«ግን ይህ ፖስተኛ ከየት መጣ?» ብዬ ጮህኩ። የምቆጣው ሰው ፈልጌ ነው። «እኔ አልጠራሁትም! ዲስክ ጠባቂና ደብዳቤ ምን አገናኛቸው?»

«ለጁሀራ መርዶውን ማን ነገራት?» አለኝ።

«ሦስት ሆነን ሄደን ነዋ።»

«ኦቦ ቱሉ ራሳቸው ሄደው አልነገሯትም?»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም?»

«ዲስኩም ራሱ ሄዶ አይነግርህም። የምትጠራው ጠባቂ ዲስኮቹን ያያል፣ አፍ ግን የለውም። አንተም ቀን ከሌት ስክሪኑ ፊት ተቀምጠህ አትጠብቀውም። ስለዚህ የሠሩት ሰዎች ‹አንዱ ሲሞት መርዶውን የሚያደርስ ፖስተኛ አብሮት ቢገባ ይሻላል› ብለው ከስሙ ጎን ጻፉ። ሊኑክስ ያንን አንብቦ ይሻላል የተባለውንም አብሮ አስገባልህ። ግዴታ አልነበረም፤ አልፈልግም ብትለው ይቀር ነበር።»

«ምነው በቀረ!»

«ቆይ።» ደግሞ ወደ ታች ወረደ። «በሰዓቱ ሥራ የሚያስጀምረውም ፕሮግራም እንደዚሁ ነው። ሰው በሌለበት የተናገረውን የሚሰማለት ስለሌለ፣ ለፖስተኛው ይሰጠዋል። በየማለዳው ድምፆቹን የሚጠራው ትእዛዝ ትዝ ይልሃል?»

ትዝ አለኝ። ፖስተኛውና ደብዳቤዎቹ በትንሿ ዲስክ፣ ከሊኑክሱ ጋር ነበሩና አልሞቱም። ሁለተኛው ዲስክ ከመሞቱ በፊት የመጨረሻው፣ የታኅሣሥ አሥራ ሁለት ማለዳ ደብዳቤ ተከፈተ፤ ሁሉም ተሰልፈዋል። 1 ፍልፈሉና ገብሱ። 2 ጎባ ድረስ የጋለብኩት የበረዶ ጠጠር። 3… ተራ በተራ እስከ መጨረሻው። 87 ለጤቤ። አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ።

«ድምፁስ?» አልኩ።

«ድምፁ የለም፣ ሻፊ። ስሙና ርዝመቱ ነው ያለው። ዲስኩን አዲስ አበባ እንልከዋለን፤ ግን በረዶ ላይ አስተኝተኸው መጥተህ…» ሳይጨርሰው ተወው።

ወረቀቱን አተምኩት። የሚቀረኝ መርዶ ማድረስ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሦስት ሰው ያስፈልጋል። ቲቸር አለ። ሦስተኛ ፍለጋ ጀሊል ሱቅ ገባሁና ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘረገፍኩት።

«ይኼም እንደ አህያዬ ከሆነ፣ ወላሂ ቆዳህን ነው የምገፍህ» አለኝ።

«አይደለም፣ ጋሽ ጀሊል።»

ፊቴን ትክ ብሎ አየና ኮቱን አነሣ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በሚኒባስ ዲንሾ ደረስን። አዴ ጤቤ ታጥበው፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ በራቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ከፊታቸው አንድ በርጩማ አለ፤ ላዩ ላይ የተጣጠፈ ጨርቅ አንጥፈዋል። ስልኩ የሚቀመጥበት መሆኑ ነው።

«ነጋያ ጂርቱ?» አሉን። ሰላም ናችሁ ወይ ማለታቸው ነው። ደህና ነን አልን። ጀሊል ስለ ውርጩ አነሣ። ቲቸር ስለ ገብሱ ጠየቀ፤ አነጋገሩ የሌላ አገር ሰው ቢሆንም ወጉን አላጎደለም። አዴ ጤቤ አንድ በአንድ አዩን።

«ያ ጉርባ» አሉኝ፤ ልጅ ሲሉኝ ነው። «አንዲት ስልክ ለማምጣት ሦስት ሰው አያስፈልግም። ስለ ዝናብና ስለ ውርጭ የሚወራበትንም ወግ አውቀዋለሁ። ማን ሞተ?»

ጀሊል ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዞሮም እኔን አየኝ። እኔ ነገርኳቸው። ዲስኮቹን፣ ፖስተኛውን፣ ዘጠናውን ደብዳቤ፣ አለመክፈቴን፣ ሳነቴን። የኦቦን ድምፅ ለማስመሰል መሞከሬንም ሳይቀር ነገርኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ውሸት ሳልጨምር ተናግሬ አላውቅም፤ የመረረኝም እሱ ነው።

በርጩማው ላይ ያለውን ጨርቅ በእጃቸው ዳበሱ።

«ሶባ ነው በለኝ» አሉ። «ያው ቀልድህ ነው በለኝ፣ አልቆጣህም።»

«ዱጋ ነው፣ አዴ።»

ጨርቁን ከበርጩማው ላይ አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። «ፖስተኛው ምንም አላተረፈም?»

ወረቀቱን ዘረጋሁ። ከላይ ጀምሬ አነበብኩላቸው። ፍልፈሉ ላይ ስደርስ «መጀመሪያ ሳገባው ፍልፈሉ ድመት ያክል ነበር፤ እሱ ነው እያረጀ ሲሄድ ያሳደገው» አሉ። ጀሊል ሊስቅ ብሎ አፉን ያዘ። አነበብኩ፣ አነበብኩ፣ ታች ደረስኩ።

«ሰማንያ ሰባት። ለጤቤ። አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ።»

«ምን አለ?»

በእርግጥ ያን ጊዜም የሚያምር ውሸት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

«አስወጥተውኝ ነው የተናገሩት። አላውቅም።»

«አራት ደቂቃ ስንት ነው?»

ስልኬን አውጥቼ ሰከንድ የሚቆጥረውን ሰዓት አሳየኋቸው። ጨርቁን መልሰው በርጩማው ላይ አነጠፉ። «አስቀምጠው» አሉ። አስቀመጥኩት። «አስጀምረው።»

አስጀመርኩት። ቁጥሩ ይሮጣል፣ ድምፅ የለም። አዴ ጤቤ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ ዘንበል አድርገው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ጀሊል መሬት መሬት ያያል። ቲቸር መነጽሩን አወለቀ። በረት ውስጥ ፈረሱ ሰኮናውን ይመታል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አዎ እንደሚል ሰው። አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ላይ ሰዓቱን አቆምኩ።

«አለቀ?»

«አለቀ፣ አዴ።»

«ቸኮለ» አሉ። «እውነት ሲናገር ሁልጊዜ ይቸኩላል።» ዐይናቸውን አልገለጡም። «ድገመው።»

ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለስኩና እንደገና አስጀመርኩት።